የሐረር መንገደኛ ማደሪያ፤ ከአባን ቤት እስከ ሆቴል

ከአዲስ አበባ በመኪና ተነሥቶ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ጐብኝቶ፣ በጭሮና በቁሉቢ በኩል ተራራውን ወጥቶ ሐረር የሚገባ መንገደኛ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የት አድራለሁ? የት እበላለሁ? ለጥያቄው መልስ የሚሆኑ ቤቶች ብዙ ስለ ሆኑም ዋጋቸውንና ንጽሕናቸውን፣ ከመንገዱም ያላቸውን ርቀት አመዛዝኖ አንዱን ይመርጣል። ይህ ነገር ለዘመናችን ሰው እጅግ ተራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በሐረር መንገድ ላይ መንገደኛ ማደሪያውን በራሱ ፈቃድ መምረጥ ከጀመረ ከመቶ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ አስቀድሞ መራጩ አስተናጋጁ ነበር፤ እንግዳውም በበሩ ላይ ሲደርስ የሚጠየቀው «ስንት ትከፍላለህ?» ተብሎ ሳይሆን «የማን እንግዳ ነህ?» ተብሎ ነበር። አንዱ ጥያቄ በሌላው እንዴት እንደ ተተካ፣ በመተካቱም ማን እንደ ተጠቀመና ማን እንደ ተጐዳ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከጽሑፍ ምስክሮች መካከል እጅግ የታወቀው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን በጥር ወር 1855 ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሐረር በገባ ጊዜ ከተማይቱን ይገዙ የነበሩት አሚር አሕመድ ቢን አቡበከር ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጕዞው በሰፊው ጽፎአል፤ አንባቢው በንቀት የተሞላውን አነጋገሩን እየተጠነቀቀ ካለፈው፣ ስለ እንግዳ አቀባበል የሚገኝበት ማስረጃ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ፣ በርተን ከዘይላ እስከ ሐረር ያለውን መንገድ ያለ አባን አልሄደም። አባን ማለት በሶማሌ አገር ለእንግዳው ዋስ፣ ጠባቂ፣ አስተርጓሚና ደላላ የሚሆን ሰው ነው። እንግዳው በማን ቤት እንደሚያድር፣ ከማን ወተትና በግ እንደሚገዛ፣ ለማንስ ስጦታ እንደሚሰጥ የሚወስነው እርሱ ነው። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል ውርደቱ የአባኑና የጐሣው ስለሚሆን የደም ነገር ይከተላል። ስለዚህም ለጥበቃው ዋጋ ይቀበላል፤ ነጋዴ ከሆነም ከንግዱ ትርፍ ይካፈላል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ሥርዓት እንደ ቅሚያ አድርገው የጻፉበት ጊዜ አለ። ነገሩ ግን ከዚህ ይልቅ ሥር ያለው ነው። በዚያ በረሓ የመንግሥት ፖሊስ አልነበረም፤ በውል የታሰረው የአባን ቃል ግን ነበረ። የዛሬው መንገደኛ ለሆቴል የሚከፍለው ገንዘብ የአልጋና የበር ቍልፍ ዋጋ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ለአባን የሚከፈለው የሕይወት ዋስትና ነበር።

በሁለተኛው ደረጃ፣ በርተን ሐረር ከገባ በኋላ ቤት አልፈለገም፤ ሊፈልግም አይችልም ነበር። በምሥራቁ በር ቆሞ ፈቃድ ከጠበቀ በኋላ ወደ አሚሩ ፊት ቀረበ። እጅ ነሥቶ እንደ ወጣም ወደ አሚሩ ሁለተኛ ቤት ተወሰደና ይህን ቤት እንደ ራስህ ቍጠረው ተባለ። ወዲያውም ከአሚሩ ማድ ቤት ምግብ መጣለት፤ ይኸውም በኮምጣጣ ወተት የራሰና ቀይ በርበሬ በብዛት የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ ነበር። ዐሥር ቀን ያህል በከተማይቱ ሲቈይ ከዚህ ቤት ወደ ሌላ ቤት ልዛወር ለማለት አልቻለም። ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀው ያለ አሚሩ ፈቃድ መውጣት የማይቻል መሆኑ ነበር። እንግዲህ ያ ቤት ማደሪያም መጠበቂያም ነበር ማለት ነው። የአሚሩ መስተንግዶ እውነተኛ ነበር፤ ቍጥጥሩም እውነተኛ ነበር፤ ሁለቱን ለያይቶ ማየት የኋላ ዘመን ልማድ ነው።

የከተማይቱ አሠራርም ይህንኑ ያስገድድ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ቢን ሙጃሂድ እንደ ሠሩት የሚነገረው የጁገል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በሮቹም ሌሊት ይዘጉ ነበር። ከተማይቱ ከእነዚያ በሮች ውስጥ ያደረውን ሰው ሁሉ የማን እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ሰው ከግንቡ ውጭ ከማደር በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ ወደ ውስጥ የሚያልፉት ለውሃ መውረጃ ተብሎ በግንቡ ሥር በተተዉት ቀዳዳዎች የሚሾልኩት ጅቦች ብቻ ነበሩ።

ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ግን ባዶ አልነበረም። ዛሬ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ የሆነው ድሬ ጠያራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ስሙ የአዲስ ዘመን ስም መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ፣ «ጠያራ» ደግሞ ከዓረብኛ የተወሰደ የአውሮፕላን ስም ስለ ሆነ የአውሮፕላን ሜዳ እንደ ማለት ነው። ማሽላና ጫት የሚያበቅለው የዚህ አገር ገበሬ ከጁገል ገበያ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ከአውሮፕላን መምጣት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ሴቶቹ እንጨትና ወተት ተሸክመው ጧት ይገባሉ፤ ሲመሽ ይወጣሉ። የመሸበት ገበሬ በከተማው ውስጥ የሚያውቀው የአደሬ ቤት ካለ እዚያ ያድራል፤ የከተማው ሰውም ለእርሻውና ለብድሩ ጕዳይ ወደ ገጠር ሲወጣ በገበሬው ቤት ይስተናገዳል። ግንኙነቱ እኩልነት የነበረበት አልነበረም፤ መሬትና ዕዳ፣ በኋላም ግብር ገብቶበታል። ነገር ግን የትኛው ቤት ለማን እንደሚከፈት የሚወስነው ይህ የቈየ ትውውቅ ነበረ። ስለ ሐረር የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ዓይናቸውን በግንቡ ውስጥ ብቻ ስለ ተከሉ፣ በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ የገጠሩ አስተናጋጅ እምብዛም አይታይም። እነርሱ ግን ሲመጡም ሲሄዱም የእርሱን ወተት ጠጥተዋል።

የጁገል ቤት ውስጣዊ አሠራር ራሱ ስለ እንግዳ ሥርዓት የሚያስተምር ነው። የአደሬ ቤት ማለትም ጌ ጋር በውጭ ሲታይ ቀለል ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በዚህ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ በቀይ ቀለም የተቀቡ አምስት መደቦች አሉ፤ ቁመታቸውም ቦታቸውም የተለያየ ነው። አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታና ለተከበረ ሰው የተለየ ነው። ጊዲር ነደባ፣ ትርጓሜውም ታላቁ መደብ፣ ብዙ ተቀማጭ የሚይዝ ነው። ጢት ነደባ ዝቅ ላለው ማዕረግ ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን ከለል ያለ ሲሆን ሌላው ከበሩ ኋላ ይገኛል። ከጐን ኪርታት የምትባለው ጠባብ ክፍል ለአዲስ ሙሽሮች ትለቀቃለች። በግድግዳው ላይ ዕቃ የሚቀመጥባቸው መስኮት መሰል ጕድጓዶች ተቀርጸዋል፤ በላያቸውም በቀለም ያሸበረቁ የሰፌድ ሥራዎች ተሰቅለዋል።

ወደዚህ ቤት የገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ አይጠይቅም። የቤቱ አሠራር ራሱ ቦታውን ይነግረዋል፤ ቢሳሳትም በትሕትና ያነሡታል። የተቀመጠበት መደብ ከፍታም ማን እንደ ሆነ ለሚገባው ሰው ሁሉ ይገልጣል። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ መኖሪያ፣ የእንግዳ ማደሪያና የማዕረግ መዝገብ ሆኖ የተሠራበት እንዲህ ያለ ጥበብ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል በዚህ መጠን ተሟልቶ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግብጻውያን በ1875 ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ይህ የተዘጋ ሥርዓት መላላት ጀመረ። በዐሥር ዓመት ግዛታቸው የግሪክ፣ የአርመን፣ የፈረንሳይና የጣልያን ነጋዴዎች መግባት ቻሉ። በታኅሣሥ 1880 የመጣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ረምቦ የባርዴይ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነበር የገባው፤ የንግድ ቤቱም ቀድሞ የግብጹ ገዥ የራውፍ ፓሻ በነበረው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቡናውና ቆዳው በታች ይከማቻል፤ ሠራተኛው በላይ ይተኛል። እንግዲህ በዚህ ዘመን ለባዕድ ሰው አስተናጋጅ የሆነው የንግድ ድርጅት ነው። ዛሬ ለጐብኚዎች «የረምቦ ቤት» እየተባለ የሚታየው ያማረ ባለ ፎቅ ቤት በኋላ ዘመን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው እንጂ ባለቅኔው የኖረበት አይደለም። ጐብኚው ግን ከእውነተኛው ይልቅ የሚያምረውን ይመርጣል፤ አስጐብኚውም አይከለክለውም።

ረምቦ ከሐረር የወጣበት ሁኔታ ማደሪያ የሌለው መንገድ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ምስክር ይልቅ ያስረዳል። በሚያዝያ 1891 ጕልበቱ አብጦ መራመድ ስላልቻለ በዐሥራ ስድስት ሰዎች ሸክም በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ። ከቅፍለቱ ቀድሞ ስለ ሄደ ድንኳኑን የጫኑት ግመሎች አልደረሱለትም፤ መንቀሳቀስ ሳይችልም ዐሥራ ስድስት ሰዓት በዝናም ላይ ተጋድሞ እንደ ቈየ በኋላ ለእኅቱ ጽፎአል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርሴይ ከተማ ሞተ። በዚህ መንገድ ላይ ገንዘብ ያለው ነጋዴ እንኳ ጣራ መግዛት የማይችልበት ዘመን ነበር፤ የሚሸጥ ጣራ አልነበረምና።

ግብጻውያን በ1885 ወጥተው ሥልጣኑ ለጥቂት ጊዜ ወደ አሚር ዐብዱላሂ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1887 ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ግዛቱንም ለራስ መኰንን ሰጡ። ከዚህ በኋላ ከዘይላና ከጅቡቲ የሚመጣው የመንግሥት እንግዳ በራስ መኰንን ፈቃድ እያለፈ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። ለንጉሡ እንግዳ በየሰፈሩ ድርጎ ይሰጠዋል፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ለበቅሎው ገብሱ ከየአካባቢው ባላገር ተሰብስቦ ይመጣል። በ1897 በሮድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ በዘይላና በሐረር አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ መንገድ ከሄዱት ታላላቅ እንግዶች አንዱ ነበር። የድርጎ ሥርዓት እንግዳውን ያጠግባል፤ ነገር ግን ያጠገበው ሰው ማን እንደ ሆነ አያሳየውም። እንግዳው በማስታወሻው ላይ የመኳንንቱን ልግስና ያመሰግናል፤ ጐተራው የጐደለው ባላገር ግን በማስታወሻው ላይ ስም የለውም። የመስተንግዶ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ወጪ ሳይቈጠር ከቀረ ሚዛኑ ይዛባል።

ምግብን በገንዘብ ሸጦ መብላት ግን በዚያ ዘመን ለክብር ሰው ነውር ነበር። ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት ለወታደርና ለነጋዴ ነበሩ፤ ጌታ ሰው በቤቱ ይበላል፣ ወይም በሌላ ጌታ ቤት ይጋበዛል። በአዲስ አበባ በ1907 ግድም የእቴጌ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ ሰው ባለመምጣቱ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፍለው አሳዩ እየተባለ ይነገራል። ነገሩ በዝርዝሩ እንዲህ ይሁን አይሁን፣ ታሪኩ እየተደጋገመ መነገሩ ብቻውን ብዙ ያስረዳል። እህል መሸጥን ከእናት ቤት ነውር ወደ ከተማ ሥራ ለመለወጥ የንጉሥ ምሳሌነት አስፈልጎ ነበር ማለት ነው።

በሐረር መንገድ ላይ ነገሩን ፈጽሞ የለወጠው የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተራራው ሥር ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣት ስላልተቻለው በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር፣ በኋላ ድሬዳዋ ተባለ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጦት ብዙ ዘግይቶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ብቻ ስለ ነበር ጕዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። እንዲህም ሲሆን የት እንደሚታደር የሚወስነው አሚሩም አባኑም መሆናቸው ቀርቶ የባቡሩ የሰዓት ሠሌዳ ሆነ። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተቋቋመው ቡፌ ዳዋሽ ከዚህ ሠሌዳ የተወለደ ነው። በረሓው ዳር ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሾርባና የፈረንሳይ ወይን ይዞ የሚጠብቅ ቤት በዚያ ጊዜ እንደ ድንቅ የሚታይ ነበር። ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር ግን እምብዛም ግንኙነት አልነበረውም፤ ደንበኛው የሚመጣውም የሚሄደውም በባቡር ነበርና። «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ቡፌ» የሚለውም ቃል በአማርኛ ተደላድሎ የተቀመጠው በዚሁ ሐዲድ ላይ ተጭኖ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ግድም ዳገት ግን ለብዙ ጊዜ የበቅሎ መንገድ ሆኖ ቈየ። በ1930 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴን የንግሥ በዓል ለመዘገብ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ሐረርን ሲጐበኝ በአንድ አርመናዊ ሆቴል እንዳደረ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎአል። ከበርተን እስከ ዎ 75 ዓመት ነው። በዚህ መካከል በአንዲት ከተማ ውስጥ አንድ ባዕድ ሰው በአሚር ትእዛዝ ከማደር ተነሥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ደስ ያላለውንም በጽሑፍ እስከ መተቸት ደርሶአል። ባለሆቴሎቹ አርመኖችና ግሪኮች መሆናቸውም ድንገተኛ ነገር አይደለም። የአገሬው ሰው ለእንግዳ ያለው ሥርዓት በዝምድናና በማዕረግ የታሰረ ስለ ነበር አልጋ በሒሳብ ማከራየት ከክብሩ ጋር ይጋጭበት ነበር፤ ከዝምድናው ውጭ የሆነው መጤ ግን ይህ እንቅፋት አልነበረበትም።

የጣልያን ወረራ ዘመን አጭር ቢሆንም በዚህ ነገር ላይ ጥልቅ ምልክት ትቶአል። የጣልያን ቱሪዝም ማኅበር በ1938 በሚላኖ ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ መጽሐፍ ለባለ መኪና መንገደኛ መንገዱን፣ ርቀቱን፣ ማደሪያውንና መብል ቤቱን ከተማ በከተማ ይዘረዝራል። እንግዳ ከመነሣቱ በፊት ወረቀት ገልጦ ማደሪያ የሚመርጥበት ዘመን በኢትዮጵያ በዚህ መጽሐፍ ጀመረ ለማለት ይቻላል። ግን ለማን? በ1937ና ከዚያ በኋላ የወጡት የዘር ሕጎች ነጩንና ጥቍሩን በመኖሪያ፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ ስፍራ ይለዩ ስለ ነበር፣ የመምሪያው መጽሐፍ ምርጫ ለአንድ ቀለም ሰው ብቻ የተጻፈ ነበር። የአገሩ ባለቤት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢገኝ አልጋ አንጣፊ ሆኖ ነው።

ቋንቋው ግን ሕግ አያውቅምና የወራሪውን ቃላት ወስዶ እንደ ወደደ አደረጋቸው። ጣልያኑ ሆቴል የሚልበት «አልቤርጎ» በአማርኛ ርካሽ የመኝታ ቤት ሆነ። በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ማለት የሆነው «ሎካንዳ» ሲሰማ ደግሞ የእኛ ሰው የሚያስበው የተሰቀለ ሥጋ ነው፤ ሉካንዳ ቤት ሥጋ ቤት ነውና። «ሆቴል» የሚለውም ቃል በብዙ ከተሞች አልጋ የሌለውን ምግብ ቤት ጭምር ይጠራበታል። ከእነዚህ ሦስት ቃላት ታሪክ የሚታየው፣ ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ ከማደሪያው ይልቅ መብሉ ዋና ጕዳይ ሆኖ መኖሩ ነው።

መብሉም ቢሆን በጣዕም ብቻ የሚመረጥ አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። በሐረር መንገድ ላይ ምግብ ቤት ለሚመርጥ ሰው ፊተኛው ጥያቄ «ማን ባረከው?» የሚል ነው። ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ የታረደውን፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን ብቻ ስለሚበላ፣ በሥጋ ቤቶችና በምግብ ቤቶች ደጃፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተሥሎ ይታያል። የግመል ሥጋ ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ የክብር ምግብ ሲሆን፣ ለኦርቶዶክሱ መንገደኛ ግን የተከለከለ ነው። በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ለክርስቲያኑ ሽሮና አትክልት ያስፈልገዋል፤ በረመዳን ደግሞ በጁገል ውስጥ ቀን ምግብ ፈልጎ የሚዞር እንግዳ ደጁ ሁሉ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሲመሽ ግን ከተማው በሙሉ ይበላል። ፉልና ፈጢራ ግን ሥጋ ስለሌለባቸው ከሁለቱ ወገኖች ብዙ ሰው ያቀራርባሉ፤ ጧት ጧት በአንድ አግዳሚ ላይ መስቀል ያሰረውና ኮፍያ የደፋው ጐን ለጐን ተቀምጠው ይታያሉ። በአብሽ የሚሠራውን የአደሬ ሁልበት መረቅ የሚፈልግ ሰው ግን ከምግብ ቤት ይልቅ የሚጋብዘው ቤተ ሰብ ቢያገኝ ይሻለዋል። የመንገድ መምሪያ መጻሕፍት ስለ ምግብ ቤት ንጽሕናና ዋጋ ብዙ ሲጽፉ ስለዚህ የዕርድ ነገር በአንድ መሥመር ማለፋቸው፣ የተጻፉት ለማን እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ በመንግሥት እጅ ገባ። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በ1961 ግድም ተቋቋመ፤ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውም ማስታወቂያ በዓለም ተሰማ። በ1966 በመተሐራና በአዋሽ መካከል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1969ም በሕግ ታወጀ። ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ተራራ፣ የአዋሽን ፏፏቴና በስተ ሰሜን ያለውን ፍል ውሃ ያጠቃልላል። የሐረር አውራ ጐዳናና የባቡሩ ሐዲድ መካከሉን ሰንጥቀው ስለሚያልፉ፣ መንገደኛው ከመኪናው ሳይወርድ ሳላና የሜዳ ፍየል ለማየት ይችላል። በባቡር ዘመን አዋሽ መንገደኛ ሳይወድ የሚያድርበት ጣቢያ ነበር፤ ከፓርኩ በኋላ ግን ሰው ለማደር ብሎ የሚመጣበት ስፍራ ሆነ። በወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ተሳቢ የመኪና ቤቶች ተደርድረው ለጐብኚ ማደሪያ ሆኑ፤ ማደሪያውም «ከረዩ ሎጅ» ተባለ።

በዚህ ስም ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከረዩ በፈንታሌ ዙሪያ ከብትና ግመል የሚያረባ የኦሮሞ ጐሣ ነው። ያ ሜዳ የበጋ ሣሩ፣ ያ ወንዝ የከብቱ ውሃ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ከአንድ ወገን የመተሐራ የስኳር እርሻ የወንዙን ዳር ሲይዝበት፣ ከሌላ ወገን ፓርኩ ሜዳውን ከለከለው። ከእርሱም ጋር ኢቱዎችና አፋሮች ግጦሽ አጡ። እንግዲህ ከረዩው ከብቱን ይዞ እንዳይገባ በተከለከለበት ምድር ላይ የተሠራው የእንግዳ ቤት በእርሱ ስም ተጠራ። ለእንግዳ ወተት ሳያቀርብ የማያሳድር ሕዝብ በገዛ ስፍራው ላይ አስተናጋጅነቱን ተነጠቀ፤ ስሙ ብቻ በሰሌዳ ላይ ቀረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በፓርኩ ጠባቂዎችና በአርብቶ አደሮቹ መካከል የሆነው ግጭት፣ በድርቅና በመንግሥት ለውጥ ዓመታትም ከብቶቹ ተመልሰው መግባታቸው የዚህ ውጤት ነው። የዱር አራዊትን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሳላው ጠባቂ ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ላይተርፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ፓርኩ ሲከለል ለጐብኚው የት ያድራል ተብሎ ታስቦ ሳለ ከረዩው የት ያድራል ተብሎ በዚያ መጠን አልታሰበም። ከሐረር በስተ ደቡብ በ1970 የተከለለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም ከእርሻና ከሰፈራ ጋር የሚታገለው ይህንኑ በመሰለ ችግር ነው።

በሐረር መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ምርጫ የማይገዛው አንድ ማደሪያ ቢኖር የቁሉቢ ነው። ራስ መኰንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን እጅግ ብዙ ተሳላሚ ይሰበስባል። በእነዚያ ቀኖች ከድሬዳዋ እስከ ሐረር አልጋ አይገኝም። ባለ ጠጋውም ድኻውም በኰረብታው ላይ በድንኳንና በሸራ ሥር ጐን ለጐን ያድራሉ፤ ስለት የያዘ ሰው ቆጣሪ አልባ ዳቦና ንፍሮ ያድላል። ሙስሊም ጐረቤቶችም ሳይቀሩ ስለት ይዘው የሚመጡ አሉ። እዚያ ማንም «የማን እንግዳ ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነውና።

አሮጌው ባቡር ሥራውን አቁሞ፣ በ2018 አዲሱ ሐዲድ ለሕዝብ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በአዋሽ ማደር ግዴታ መሆኑ ቀርቶአል። ሐረር ጁገል ደግሞ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች በኋላ ከአሮጌዎቹ የአደሬ ቤቶች አንዳንዶቹ የእንግዳ ማደሪያ ሆነዋል። እንግዳው ዋጋ ጠይቆ ክፍሉን ይመርጣል፤ ይህ የዘመኑ ሥርዓት ነው። ሲመሽ ግን ቡና ሊጠጣ ወደ ጊዲር ጋር ሲገባ፣ ጫማውን ካወለቀ በኋላ የት እንደሚቀመጥ አያውቅምና ቆም ይላል። የቤቲቱም እመቤት እጅዋን ዘርግታ የሚቀመጥበትን ነደባ ታመለክተዋለች።